የተመዘገበ፣ ያልተመዘገበ ወይስ የአገር ልጅ? በኤንዲአይኤስ ድጋፍ ሰጪ ለምትመርጡ

የኤንዲአይኤስ (የአውስትራሊያ ብሔራዊ የአካል ጉዳት መድን) ፕላን፣ ማለትም ለድጋፍ የሚመደበው ገንዘብ፣ የጸደቀ ሰሞን ቤቱ ሠርግ ይመስላል። ዘመድ እየደወለ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይላል። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ሌላ ዓይነት ስልክ ይጀምራል። አንዱ «አማርኛ የሚናገሩ ሠራተኞች አሉን» ይላል። አንዷ «ከእኛ ጋ ከፈረማችሁ ታብሌት በስጦታ እንሰጣለን» ትላለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የምታውቁት ሰው ጠጋ ብሎ «እኔም እኮ ድርጅት ከፍቻለሁ» ይላችኋል።

እዚህ ሜልበርን የታናሽ ወንድሜን ፕላን መከታተል ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ወንድሜ የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ንግግሩ ለለመደው ሰው እንጂ ለእንግዳ አይገባም። ስለዚህ ለእኛ ቤት ድጋፍ ሰጪ መምረጥ «ማን ይረክሳል? ማን ይቀርባል?» ብቻ አይደለም። በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚሆነውን ማን ያያል? እሱ ካልተመቸውስ ሳንጨነቅ ማሰናበት እንችላለን? አማራጮቹን ሁሉ የማወዳድረው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

መጀመሪያ ብዙ ሰው የሚያምታታውን ነገር እንለይ።  የኤንዲአይኤስ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ፤ ዛሬ ከ700,000 በላይ ተጠቃሚዎች አሉት። ፕላኑን የሚያጸድቀውና ገንዘቡን የሚመድበው መሥሪያ ቤት ኤንዲአይኤ ይባላል። የአገልግሎቱን ጥራትና የተጠቃሚውን ደህንነት የሚቆጣጠረው ግን ሌላ ነው፤ የኤንዲአይኤስ የጥራትና የጥበቃ ኮሚሽን ይባላል። ኮሚሽኑ በ2018 በኒው ሳውዝ ዌልስና በሳውዝ አውስትራሊያ ሥራ ጀመረ። ቪክቶሪያ በዓመቱ ገባች። የፕላኑ ገንዘብ አነሰኝ ካላችሁ ጉዳያችሁ ከኤንዲአይኤ ጋር ነው። ሠራተኛው ልጄን አንገላታው ካላችሁ ደግሞ ከኮሚሽኑ ጋር።

ምዝገባው ምን ያህል ይጠብቃል?

«በኮሚሽኑ የተመዘገበ ድርጅት ነው» ሲባል ብዙዎቻችን እፎይ እንላለን። እኔም እል ነበር። ከዚያ የአን-ማሪ ስሚዝን ታሪክ አነበብኩ።

አን-ማሪ አደሌድ ውስጥ በራሷ ቤት የምትኖር የ54 ዓመት ሴት ነበረች። ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ነበረባት። ሚያዝያ 2020 ላይ ሞተች። ፖሊስ እንዳለው ከአንድ ዓመት በላይ ቀንና ሌሊት አንድ የሸምበቆ ወንበር ላይ ነበረች፤ የምትበላውም የምትጸዳዳውም የምትተኛውም እዚያው ነበር። ገላዋ በከባድ ቁስል ተጎድቶ ነበር። የምትንከባከባት ሠራተኛ በወንጀል ተጠይቃ ታሰረች። ድርጅቱ ግን የተመዘገበ ነበር። ኦዲትና ደንብ የሚመለከተው ድርጅት ነበር።

ታዲያ ምን ጎደለ? ጉዳዩን ያጠኑት የቀድሞው ዳኛ አለን ሮበርትሰን ያቀረቡት ዋና ምክር ቀላል ነው፤ ተጋላጭ የሆነ ተጠቃሚ በገዛ ቤቱ በአንድ ሠራተኛ ብቻ አይያዝ። አን-ማሪን የሚንከባከባት አንድ ሠራተኛ ብቻ ነበር። ሌላ ዓይን አልነበረም።

ይህን የማነሳው ምዝገባ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። ምዝገባ የሚያመጣቸው ግዴታዎች እውነተኛ ናቸው። የተመዘገበ ድርጅት ሞት፣ ከባድ ጉዳት፣ ጥቃት ወይም ቸልተኝነት ሲያጋጥም በ24 ሰዓት ውስጥ ለኮሚሽኑ ማሳወቅ አለበት። ከተጠቃሚው ጋር በቅርብ የሚሠሩ ሠራተኞቹ የኤንዲአይኤስ የሠራተኛ ማጣሪያ ማለፍ አለባቸው። ማጣሪያው ከተራ የፖሊስ ማስረጃ የጠለቀ ነው፤ ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ኦዲትም አለ። ስጋቱ አነስተኛ ለሆነ ሥራ ኦዲተሩ ወረቀት ብቻ ያያል። ለግል እንክብካቤ ግን ቦታው ድረስ ሄዶ ተጠቃሚዎችንና ሠራተኞችን ያነጋግራል።

ያልተመዘገበው ላይ እነዚህ ግዴታዎች የሉም። ሆኖም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የኤንዲአይኤስ የሥነ ምግባር ደንብ ሁለቱንም ይገዛል። ጎረቤታችሁ ያለውን ሣር አጫጅ ብትቀጥሩም፣ በፕላኑ ገንዘብ እስከተከፈለው ድረስ ደንቡ ይይዘዋል። አቤቱታም ይቀርብበታል። ኮሚሽኑ ያልተመዘገበን ሰው ጭምር ከሥራው ሊያግድ ይችላል። የታገዱት ስም ዝርዝርም በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። ሰው ከመቅጠራችሁ በፊት ስሙን እዚያ ፈልጉ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይኸውና። ገላ የሚነካ፣ መታጠቢያ ቤት የሚገባ፣ መድኃኒት የሚሰጥ ወይም ሌሊት የሚያድር ሥራ ከሆነ የተመዘገበ ድርጅት እመርጣለሁ። ያ ካልተገኘ ሠራተኛው ማጣሪያውን ያለፈ መሆኑን ሳላረጋግጥ አላስገባም። ይህን መጠየቅ መብት ነው፤ ማንም ቅር ሊሰኝ አይገባም። ለጽዳት፣ ለሣር ማጨድ፣ ለሥዕል ትምህርት ግን ያልተመዘገበው ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ዋጋው ይቀንሳል፤ ሰውየውም ራሱ ይመጣል፤ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን አይልኩባችሁም።

አንዳንድ ሥራዎች ላይ ግን ምርጫ የለም። በር መቆለፍ፣ ማሰር ወይም ባሕርይ ለማረጋጋት ተብሎ መድኃኒት መስጠት የመሳሰሉ ነጻነትን የሚገድቡ እርምጃዎችን የሚጠቀም ድርጅት የግድ መመዝገብ አለበት። ያልተመዘገበ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲያደርግ ካያችሁ ጥፋት ነው። «ለደህንነቱ ብዬ ነው» ቢላችሁም ጥፋት ነው።

ገንዘቡን ማን ይያዘው?

ማንን መቅጠር እንደምትችሉ የሚወስነው የገንዘቡ አያያዝ ነው። ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው ኤንዲአይኤ ራሱ ሲይዘው ነው። ድርጅቱ ሂሳቡን በቀጥታ ለመንግሥት ያቀርባል፤ ለእናንተ ወረቀት የሚባል ነገር የለባችሁም። ነገር ግን የተመዘገቡትን ብቻ ነው መጠቀም የምትችሉት። ሂሳቡም በእናንተ እጅ ሳያልፍ ሊከፈል ይችላል። ፖርታሉን (ሂሳቡ የሚታይበትን ድረ ገጽ) አዘውትሮ ለማያይ ሰው ይህ አደጋ አለው።

ሁለተኛው ፕላን ማኔጀር ነው። ኢንቮይሱ (የክፍያ መጠየቂያው) ለእሱ ይላካል፤ እሱ ይከፍላል። ክፍያው በፕላኑ ውስጥ ለብቻው ስለሚመደብ ከሌላው ድጋፋችሁ አይቀነስም። የተመዘገበውንም ያልተመዘገበውንም መጠቀም ትችላላችሁ። ዋጋው ግን ከመንግሥት ጣሪያ አያልፍም። ፕላን ማኔጀሩ ራሱ የግድ የተመዘገበ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ራስን ማስተዳደር ነው። ሙሉ ነጻነት አለው። ከጣሪያው በላይ መክፈል እንኳ ይቻላል። በምትኩ ደረሰኙን ሁሉ ለአምስት ዓመት ታስቀምጣላችሁ። ሰው በቀጥታ ከቀጠራችሁ ደግሞ አሠሪ እናንተ ናችሁ፤ ግብሩ፣ ሱፐሩ (የጡረታ ቁጠባው)፣ የሥራ ላይ ጉዳት መድኑ በእናንተ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ሂሳብ የሚወድ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ግሩም ነው። ከሌለ ግን ራስ ምታት ነው።

እኛ ፕላን ማኔጀር መርጠናል። ምክንያቱ አንድ ኢንቮይስ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ወንድሜ በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ከወር በኋላ ከአንድ ድርጅት የመጣውን ኢንቮይስ ሳይ፣ ሆስፒታል በተኛባቸው ሁለት ቀናት «ገበያ ወስደነዋል» ይላል። አራት አራት ሰዓት። ከሁለቱ ቀናት አንደኛው በእሑድ ዋጋ ተሞልቷል፤ ቀኑ ግን ሐሙስ ነበር። በ2025/26 ተመን ለግል እንክብካቤ በሥራ ቀን፣ በቀን ሰዓት የሚከፈለው ጣሪያ በሰዓት ወደ 70 ዶላር ነው። የእሑዱ ከዚህ በጣም ይበልጣል። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ቢደረግ የወንድሜ ፕላን በስድስት ወር ባለቀ ነበር። ያን ቀን ለፕላን ማኔጀሩ አንድ ኢሜይል ጻፍን፤ «እኛ እሺ ሳንል አንድም ኢንቮይስ አትክፈሉ»። እናንተም ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። አብዛኞቹ እሺ ይላሉ። እሺ የማይል ካለ ሌላ ፈልጉ።

ሦስቱን መንገዶች መቀላቀልም ይቻላል። ለምሳሌ የጽዳቱን ገንዘብ ራሳችሁ ይዛችሁ የግል እንክብካቤውን ለፕላን ማኔጀር መስጠት። ለብዙ ቤተሰብ የሚመቸው ይህ ይመስለኛል።

ድርጅት፣ መተግበሪያ ወይስ ግለሰብ?

ድርጅት ሲሆን ሠራተኛው ቢታመም ተተኪ ይመጣል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጠዋት ከአልጋ የሚያነሳው የሚያስፈልገው ሰው፣ ሠራተኛው ስለቀረ ብቻ ቀኑን አልጋ ላይ ሊውል አይችልም። ችግሩ መቀያየሩ ነው። በአንድ ወር ስድስት አዲስ ፊት አይተን እናውቃለን።

በስልክ መተግበሪያ ሠራተኛ የሚያገናኙ አሉ። እዚያ የምትፈልጉትን ሰው ፎቶና ልምድ አይታችሁ ትመርጣላችሁ። ነገር ግን አሠራራቸው ይለያያል። አንዳንዱ ሠራተኛውን ራሱ ይቀጥራል፤ አንዳንዱ አገናኝቶ ዞር ይላል፤ ሠራተኛው በኤቢኤን (በራሱ የንግድ መለያ ቁጥር) ለራሱ ይሠራል። ልዩነቱን ጠይቁ፤ ችግር ሲመጣ ኃላፊው ማን እንደሆነ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ለአፍታ ወደ ሠራተኛው ጎራ ልሻገር፤ ከእኛ ሰው ብዙው በዚሁ ሥራ ላይ ነውና። በኤቢኤን የሚሠራ ሰው የሕመም ፈቃድ የለውም። ሱፐር የሚከፍልለት የለም። ሺፍቱ ነገ ሊቀርበት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ጥፋት ሲያይ ይናገራል? አፉን ይይዛል እንጂ። ስለዚህ ድርጅት ስትመርጡ «ሠራተኞቻችሁ ተቀጣሪ ናቸው ወይስ በኤቢኤን?» ብላችሁ ጠይቁ። የሠራተኛው መብት የተጠበቀበት ቦታ የወንድሜም ደህንነት ይሻላል። ይህን በስድስት ዓመት ውስጥ ደጋግሜ አይቻለሁ።

የአገር ልጅ ወይስ ባዳ?

አሁን ወደ ልቤ ወደሚቀርበው መጣሁ። ብዙ እናቶች የሚጠይቁኝም ይህንኑ ነው።

የአገር ልጅ ሲይዘው ወንድሜ ይስቃል። «ሽሮ ልሥራልህ?» የምትለው ሠራተኛ እና ሳንድዊች ማቀዝቀዣ ውስጥ ትታ የምትሄድ ሠራተኛ አንድ አይደሉም። ጾም መቼ እንደሚገባ ታውቃለች። የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ሰፈር ፉትስክሬይ ወስዳው እንጀራ ይዘው ይመለሳሉ። አንዲት የማውቃቸው እማማ ደግሞ ከስትሮክ በኋላ እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸው አማርኛው ብቻ ቀርቷል። ለእሳቸው ቋንቋው ራሱ ደህንነት ነው። የቱ ጋ እንደሚያማቸው መናገር የሚችሉት በአማርኛ ብቻ ነው።

ግን ይሉኝታ አለ። የአገር ልጅ ሰዓት ሲያሳልፍ ዝም እንላለን። ስልክ ላይ ተጥዶ ሲውል ዝም እንላለን። «ልጆች አሏት፣ እንጀራዋን ልቁረጥባት?» እንላለን። ነገ ክርስትና ላይ እንገናኛለን፤ ዕድር ላይ አብረን ነን። አቤት ማለት ጠብ ይመስለናል። ድርጅቱ የአክስት ልጅ ሲሆን ደግሞ ባሰ። ወሬውም አለ። ወንድሜ ምን እንደሚወስድ፣ ማታ ምን እንደሚሆን፣ ለቅሶ ቤት ሲወራ ሰምቼ አውቃለሁ። የሥነ ምግባር ደንቡ ሚስጥር መጠበቅን ያዛል፤ ግን የሚያወራው ሰው ደንቡን አንብቦ ይሆን?

ስለዚህ እኛ ቀላቅለን ነው የያዝነው። በሳምንት ከሚመጡት አራት ሠራተኞች ሁለቱ ሐበሻ ናቸው፤ ሁለቱ ከሌላ ድርጅት የሚመጡ ሌሎች ናቸው። አንዱ ወገን የማያየውን ሌላው ያያል። የቤት ጠባይ የሚለወጠው ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች አንድ በር ሲጠቀሙ ነው። አን-ማሪ ቤት ያልነበረው ይህ ነው። ፕላኑ ትንሽ ለሆነ ሰው ሁለት ድርጅት ላይመች ይችላል። ያኔ ቢያንስ ጎረቤት፣ የነፍስ አባት ወይም ጓደኛ በማይጠበቅበት ሰዓት ብቅ እንዲል አድርጉ።

የቤተሰብ አባል ይቀጠር ወይ? «ልጄ ራሷ ብትይዘኝና ገንዘቡ ለእሷ ቢሆን» የሚሉ አሉ። በጣም ልዩ በሆነ ሁኔታ ካልሆነ አይፈቀድም። ማንም «እኔ አስተካክላለሁ» ቢላችሁ እንዳትፈርሙ፤ ገንዘቡን መልሱ የምትባሉት እናንተ ናችሁ።

የራስ ቤት ወይስ የጋራ ቤት?

ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ አንድ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። በአካል ጉዳተኞች ላይ የሚደርሰውን ጥቃትና ቸልተኝነት የመረመረው የንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን ከ2019 እስከ 2023 ሠርቶ 222 ምክረ ሐሳቦች አቅርቧል። በግሩፕ ሆም (አካል ጉዳተኞች አብረው በሚኖሩበት የጋራ ቤት) ጉዳይ ግን አባላቱ ራሳቸው አልተስማሙም። ከስድስቱ አራቱ በ15 ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቅሩ አሉ።

እስከዚያው ቤት የምታዩ ከሆነ፣ ቤቱን የሚያከራየውና ድጋፉን የሚሰጠው አንድ ድርጅት መሆን አለመሆኑን እዩ። አንድ ከሆነ በሠራተኛው ማማረር ቤት እስከማጣት ሊያደርስ ይችላል የሚል ፍርሃት ይፈጠራል። የተለያዩ ሲሆኑ ድጋፍ ሰጪውን ቀይሮ ቤቱ ውስጥ መቅረት ይቻላል። ከዚያ በተረፈ ቤቱን ከቀጠሮ ውጭ አንድ ማታ ጎብኙት። ራት ስንት ሰዓት እንደሚበላ፣ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማቀዝቀዣው ተቆልፎ እንደሆነ እዩ። ቪክቶሪያ ውስጥ ግሩፕ ሆሞችን የሚጎበኙ በጎ ፈቃደኛ የማኅበረሰብ ጎብኚዎች አሉ፤ እንዲመጡ መጠየቅ ይቻላል።

ከመፈረም በፊት

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ብቻ እዩ። ሰውየው የሚያናግረው ማንን ነው? ወንድሜን ትቶ እኔን «ምን ይወዳል?» የሚለኝን ብዙ አይተናል። ወንድሜ ቃሉ ቢዘገይም የሚወደውን ራሱ ይናገራል። የሚጠብቀው ሰው ነው የምንፈልገው።

ከዚያ ጠይቁ። የመጨረሻ ኦዲታችሁ መቼ ነበር፤ ምን ጎድሎ ተገኘ? ሠራተኛው ሲቀር ማን ይመጣል፤ አዲሱን ሰው ቀድመን እናየዋለን? መድኃኒት ቢሳሳት ለማን ትደውላላችሁ? ባለፈው ዓመት የደረሰባችሁ ትልቁ አቤቱታ ምን ነበር? «አቤቱታ ደርሶብን አያውቅም» የሚል ድርጅት አያጓጓኝም። ወይ ይዋሻል፣ ወይ ተጠቃሚዎቹ ይፈሩታል።

ሰርቪስ አግሪመንቱን (የአገልግሎት ውሉን) ቤት ወስዳችሁ አንብቡት። መውጫው ላይ ጣታችሁን አስቀምጡ፤ ማሰናበት ብትፈልጉ የስንት ቀን ማስታወቂያ ይጠይቃል? ሁለት ወይም አራት ሳምንት የተለመደ ነው። ሦስት ወር የሚል ካያችሁ አስቀንሱት። ለታብሌት፣ ለሽርሽር፣ ለጥሬ ገንዘብ ብሎ የሚያስፈርም ካለ በሩን አሳዩት። የስጦታው ዋጋ የሚወጣው ከፕላናችሁ ነው።

ሲበላሽ

መጀመሪያ ለድርጅቱ በጽሑፍ ንገሩ። ስልክ አይበቃም፤ ኢሜይል ይሁን፤ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍበት። መልስ ካልመጣ ወይም ነገሩ ከባድ ከሆነ ቀጥታ ወደ ኮሚሽኑ፦ 1800 035 544። ስማችሁን ሳትገልጡም ማቅረብ ይቻላል። በማቅረባችሁ አገልግሎት ሊቋረጥባችሁ ወይም ሊያስፈራሯችሁ አይገባም። ጥቃትና ቸልተኝነት ለመጠቆም ደግሞ ብሔራዊ መስመር አለ፤ 1800 880 052። ድብደባ፣ ወሲባዊ ጥቃት ወይም አሁን ያለ አደጋ ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት 000 ነው። ለብቻ የከበዳቸው ሰዎች ነጻ ተሟጋች ማግኘት ይችላሉ፤ ተሟጋቹ የድርጅቱም የመንግሥትም ሠራተኛ አይደለም።

ያ የሆስፒታሉ ኢንቮይስ? ለድርጅቱ በኢሜይል ከሆስፒታል የመውጫ ወረቀቱን ቅጂ አያይዤ ላክሁ። ሦስት ቀን ዝም አሉ። «ለኮሚሽኑ ላቀርብ ነው» ብዬ ሁለተኛ ስጽፍ በማግስቱ «የሲስተም ስህተት ነው» ብለው ሂሳቡን ሰረዙ። እኛም በሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ተሰናበትን። እናቴ እስካሁን «ምን አለበት፣ ዝም ብትሉ» ትላለች።

እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ወደ አስተርጓሚ አገልግሎቱ 131 450 ደውላችሁ «አማርኛ» በሉ። አስተርጓሚው መስመር ላይ ሲገባ ከኮሚሽኑ ጋር እንዲያገናኛችሁ ጠይቁ።